በቀርከሃ የተወጠረ ቅጠል

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ እቴቴ አስካለች፣ ሳህሌ የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ እንደጨረሰ። «ቁጭ በል። ቆሞ ለሚያዳምጠኝ ሰው አልናገርም።»

ሳህሌ ተቀመጠ። የመጣው ታናሽ እህቱን ትርፌን ለመክሰስ ነው። ትርፌ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ወልቂጤ ከተማ የነበራቸውን ትልቁን ቤት ለቃ፣ ልጆቿን ይዛ ጠባብ ኪራይ ቤት ገብታለች። ድሮ ለሕክምና የሄደ፣ ለትምህርት የሄደ፣ ገበያ ያመሸበት ዘመድ ሁሉ የሚያድረው እሷ ዘንድ ነበር። አሁን ግን ከቀትር በኋላ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች፤ ሲያንኳኩም አትከፍትም። በቅርቡ የሳህሌን ሚስት ከነጓዟ መልሳታለች። ለመስቀልም እንደ ወትሮው አገር ቤት መጥታ የሳህሌን እንግዶች እንደማታስተናግድ ቃል ልካበታለች። ሳህሌ ይህን እንደ ስድብ ቆጠረው። እሑድ ቤተዘመዱን ሰብስቦ ሊያስወቅሳት፣ እምቢ ብትል ደግሞ ከቤተዘመዱ ሊያስወጣት ቆርጧል። ከወጣች በኀዘንም በደስታም ማንም አይደርስላትም። ለዚህ የአክስቱ የእቴቴ አስካለች ቃል ያስፈልገዋል፤ በዕድሜ ከሁሉም በላይ ናቸውና እሳቸው ያልተገኙበት ወቀሳ ወቀሳ አይባልም። የጠየቃቸውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው በገዛ ወገኑ ላይ በሩን ይዘጋል ወይ?

እቴቴ ሲቀነጥሱት የነበረውን ጎመን ወደ ጎን ገፉት። ፊታቸው ቅጭም ብሏል።

«አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው፤ ሀብቱም እንሰት ነው። ጓሮው በእንሰት ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣ ሰው ሲገባበት ቀኑ ይጨልምበታል። ሚስቱ ስትኮተኩተው፣ ፍግ ስታለብሰው፣ በየጊዜው ከቦታ ቦታ እየነቀለች ስትተክለው የኖረች ናት። ሰውዬውስ ምን ሲሠራ ኖረ? ሰውዬውማ እንሰቴ፣ እንሰቴ እያለ ሲያወራ ኖረ። እንዲህ ያለ ሰው አላየህም? እኔ አይቻለሁ። አሁንም እያየሁ ነው።

«ይህ ሰው ወንድ ልጁን ሊድር ሆነ። የሙሽራይቱ ወገኖች ከሩቅ የሚመጡ፣ ስማቸው የተጠራ ሰዎች ናቸው። መቼም በእኛ አገር ሰው ልጁን ሊሰጥ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ቤቱን አይደለም። ቤትማ ማንም ይሠራል። የሚያየው እንሰቱን ነው። ግንዱ ወፍሮ ቅጠሉ ከሰፋ፣ ልጃችን እዚህ ቤት አትራብም ብሎ ልቡ ያርፋል። ሰውዬው ታዲያ ጨነቀው። እንሰቱ ያለው ከጓሮ፣ እንግዳው የሚመጣው ከፊት። ሳይታይልኝ ሊቀር ነው አለ። ስለዚህ ተፍቀው ቆጮ ለመሆን የደረሱትን፣ የመጪውን ዓመት ቀለብ የሆኑትን፣ ምርጥ ምርጦቹን ከጓሮ ነቅሎ ከደጁ እስከ መንደሩ ጎዳና ድረስ ግራና ቀኝ ሊያቆማቸው ወሰነ። ወሩ ጥር ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«ሚስቱ ሰምታ አትንቀል አለችው። ጮኻ አይደለም፤ በደንብ፣ በለሆሳስ ነገረችው። የደረሰ እንሰት ለመብል እንጂ ለጌጥ አይነቀልም አለችው። እምቢ አላት። እሺ፣ ከነቀልክም ቅጠሉን ቁረጠው አለችው። ይህን ደግሞ እንሰት አገር ያደገ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እንሰት ሲነቀል ሥሩ በሙሉ ተከትሎት አይመጣም፤ አብዛኛው ተበጥሶ መሬት ውስጥ ይቀራል። የተረፈችው ሥር ያንን ሁሉ ቅጠል የማጠጣት አቅም የላትም። ስለዚህ ከታች በጎደለው ልክ ከላይም ይቀነሳል። ቅጠሉ ተመልምሎ ግንዱ ራሰ በራ ሆኖ ይተከላል። ሲያዩት ያስቃል። ግን ይኖራል። እናትህ ስትተክል እንዲሁ ነበር የምትተክለው፤ አንተም ሥሯ ቁጭ ብለህ አይተሃል። አይተህ ምን እንደተማርክ ግን እኔ አላውቅም።

«ሰውዬው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ራሰ በራ እንሰት ደጄ ላይ አቁሜ የድሃ ቤት ላስመስለው ወይ አላት። ጎረምሶች ጠርቶ አስነቀለ፣ አሸከመ፣ ጉድጓድ አስቆፍሮ ከነሙሉ ቅጠሉ አስተከለ። በዚያ ዕለት አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ አደነቀለት። እሱም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲንጎራደድ ዋለ፤ ምሳም አልበላ።

«አሁን ጆሮህን ስጠኝ። ቅጠል አፍ አለው። አንድ አፍ አይደለም፣ እልፍ አፍ ነው፤ የሚበዛውም ከታች፣ ከሆዱ በኩል ነው። ዓይን አያየውም። የቀበሌያችን የእርሻ ባለሙያ አንድ ቀን በማጉያ መሣሪያዋ አሳይታን በዚህ በደከመ ዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እንደ ሰው ሁለት ከንፈር ያለው ትንሽ አፍ ነው። ቅጠል በዚያ አፍ አየር ይስባል። አየሩን ከውሃውና ከፀሐዩ ጋር አዋሕዶ ምግቡን የሚያበስለው በዚያ ነው። ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ሥሩ ከመሬት ለፍቶ ያመጣለት ውሃ በዚያው ቀዳዳ ተንኖ ይሄዳል። ካልከፈተ አይበላም። ከከፈተ ደግሞ ውሃው ይወጣበታል። ሲፈጠር እንዲህ ሆኖ ተፈጠረ፤ ማንን ይክሰስ?

«ስለዚህ ቅጠል ያመዛዝናል። ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል፣ ሥርም ውሃ ሲያቀርብ፣ ከንፈሮቹ ውሃ ጠጥተው ይነፋሉ፤ ያን ጊዜ አፉ ይከፈታል። ፀሐዩ ሲከር፣ ነፋሱ ሲያደርቅ፣ የሚወጣው ከሚገባው ሲበልጥ፣ ከንፈሮቹ ይላላሉ፤ አፉ ገጠም ይላል። ሲዘጋ ታዲያ ደስ ብሎት መሰለህ? አፉን የዘጋ ቅጠል እየተራበ ነው። ለዘላለም ዘግቶ የሚኖር ቅጠል የለም፤ ዘግቶ ቢቀር ረሃብ ይገድለዋል። የሚዘጋው ጥሙ ከረሃቡ ቀድሞ ስለሚገድለው ብቻ ነው። የእንሰት ቅጠል ደግሞ ሲብስበት ሌላም ዘዴ አለው። በመሃል አከርካሪው ግራና ቀኝ ወደ ታች ይታጠፋል። ሆዱን ከሆዱ ገጥሞ ከፀሐይና ከነፋስ ይሸሽገዋል። ስታየው የተዘጋ ጃንጥላ ይመስላል። አያምርም። ሊያምርልህ አይደለም የታጠፈው።

«በማግስቱ ቀትር ላይ የሰውዬው እንሰቶች በሙሉ ታጠፉ። ሰውዬው ደሙ ፈላ። አዋረዱኝ አለ። ትሰማኛለህ ሳህሌ? እንሰት አዋረደኝ አለ። ነቅሎ፣ ሥራቸውን በጥሶ፣ ከጥላቸው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆማቸው እሱ፣ የተዋረደውም እሱ!

«መጀመሪያ ውሃ አስቀዳ። ጎረምሶቹ በጀሪካን እያመላለሱ ከየግንዱ ሥር ገለበጡ። ይህን ያህል አጠጥቻቸው እንዴት ይታጠፋሉ አለ። ሚስቱ ሥሩ ተቆርጧል፣ በምኑ ይጠጣዋል አለችው። አልሰማትም። ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ግንዱን ከማበስበስ በቀር ለቅጠሉ አንድ ጠብታ አላደረሰም። እሱ ግን ለሰው ሁሉ ስንት ውሃ እንዳፈሰሰላቸው ሲያወራ ሰነበተ።

«አንድ ነገር ግን ነበረ። ጠዋት ጠዋት ቅጠሎቹ ቀና ይላሉ። ፀሐይ ሲበረታ መልሰው ይታጠፋሉ። ይህ ደግ ምልክት ነበር፤ ሞት አይደለም። ጠዋት ትንሽ እየቀማመሱ፣ ቀትር እየዘጉ፣ ያለቻቸውን ውሃ እያብቃቁ፣ አዲስ ሥር እስኪያወጡ ድረስ ቀን እየገፉ ነበር። ሚስቱ ይህን አይታ ተስፋ አደረገች። ሰውዬው ያንኑ አይቶ ሌላ ነገር አሰበ። ጠዋት ቀና ማለት ከቻሉ ቀትር ላይ ምን ያዛቸው አለ። ስንፍና ነው፣ ተንኮል ነው አለ። እንግዶቹ የሚደርሱት በቀትር ነዋ።

«ከዚያ ያደረገውን የእንሰት አገር ሰው አድርጎት አያውቅም። ቀርከሃ አስቆርጦ አስፈለጠ። ስንጥቁን በየቅጠሉ ሆድ አግድም አስገብቶ፣ ግራና ቀኙን ገልብጦ፣ ዳርና ዳሩን በቃጫ አሰረው። እያንዳንዱን ቅጠል ልክ እንደ በሬ ቆዳ ወጠረው። ቃጫውም የእንሰቱ የራሱ፣ ሚስቱ ፍቃ ያደረቀችው ነው። ቅጠሉ ሲወጠር ጠርር እያለ ይሰነጠቃል። ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ ያስራል። ሚስቱ መጥታ እጁን ያዘችው።

«‹ተወው› አለችው። ‹ታጥፎ ይክረም። በግድ ከዘረጋኸው ይሞታል።›

«እጇን መነጨቃት። ‹እንግዳ ሲመጣ የሚታጠፍ እንሰት በእኔ ደጅ አይቆምም› አላት። ይህን ያለው ጎረምሶቹ እየሰሙ ነው። ሚስቱም ወደ ቤት ገባች። እኔ ግን እዚያ ብሆን ኖሮ በዚያው ቀርከሃ ጀርባውን አቀላው ነበር።

«ቅጠሉ አፉን እንደዘጋ ነው፤ ከንፈርን በቀርከሃ መክፈት አይቻልም። ግን ሸሽጎት የነበረው ሆዱ ለነፋስና ለፀሐይ ተሰጠ። በተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ ደግሞ አዲስ አፍ ወጣለት። ያ አፍ ከንፈር የለውም። ያ አፍ ቀንም ሌትም አይዘጋም። የቀረችው ውሃ በዚያ በኩል ወጣች። ጠዋት ቀና ማለቱም ቀረባቸው፤ ጠዋትም ቀትርም አንድ ዓይነት ሆኑ። ለጥቂት ቀን ከሩቅ ሲታዩ የሚያምሩ መሰሉ። ሰውዬው በመንገዱ መሃል እየተመላለሰ፣ አላልኳችሁም፣ ትንሽ ጠንከር ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው እያለ ሰዉን አደነቆረ። ከዚያ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆነ። ከዚያ አከርካሪው ጠቆረ። ከታች ውሃ የተኛበት ግንድ ይሸት ጀመር።

«የሠርጉ ቀን ደረሰ። የሙሽራይቱ ወገኖች በቀትር መጡ። ግራና ቀኝ የደረቀ ቅጠል በቀርከሃ ተወጥሮ ቆሟል፤ ነፋስ ሲመጣ ይንኮሻኮሻል። የልጅቱ አያት አንዱን በበትራቸው ነካ ቢያደርጉት ግንዱ ተንዶ እግራቸው ሥር ወደቀ። ሽማግሌው ጎንበስ አሉና ቀርከሃውን አገላብጠው አዩት፤ የታሰረበትን ቃጫ ዳሰሱት። ሰውዬው ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ዓመቱ ክፋት ብዙ አወራላቸው። ሽማግሌው ወደ እሱ አልዞሩም። ከኋላው ወደቆመችው ሚስት ዞረው ‹እግዜር ያጽናሽ› አሏት፤ ሰው የሞተባት ያህል።

«ሠርጉስ ሠርግ ነውና ተበላ፣ ተጠጣ፣ አለፈ። ዓመቱ ግን አላለፈም። የዓመቱ ቀለብ ደጃፍ ላይ በስብሷል። ጓሮ የቀረው ገና ለጋ ነው፤ አይፋቅም። ክረምቱ ሲገባ ቤቱ ውስጥ ቆጮ ጠፋ። ሙሽራይቱ ርቧት ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ልጁም ተከትሏት ሄደ። ሰውዬው ለእንግዳ ብሎ ቤተሰቡን በተነ።

«ከተነቀሉት ውስጥ የዳነ አንድ ብቻ ነው። ከአጥሩ ጀርባ፣ መንገደኛ ከማያየው ቦታ ተተክሎ ስለነበረ ሰውዬው ውሃ ሊያስገለብጥበትም ሊወጥረውም አልደከመም። እሱ እንደታጠፈ በጋውን ከረመ። የውጭ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ደርቀው ወደቁ። ዝናብ ሲጥል ከመሃሉ ጥቅልል አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። ክፈት ብሎ ያዘዘው ማንም የለም፤ ሥሩ ሲይዝለት ራሱ ከፈተ።»

እቴቴ ጎመኑን መልሰው ወደ ፊታቸው ሳቡት። ሳህሌ እዚህ ላይ ይነሣል ብለው የጠበቁ ይመስላሉ። እሱ ግን አልተነሣም። ትርፌ ሰው እንጂ እንሰት አይደለችም ብሎ ተከራከረ። ለባሏ ለቅሶ ቤተዘመዱ ድንኳን ሞልቶ መሰንበቱን፣ ያልተደረገላት ነገር እንደሌለ ቆጠረላቸው። ደግሞም ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስትሄድ ላገኘችው ሁሉ ፈገግ ብላ ሰላም ትላለች፤ ታማለች እንዳይባል ጤነኛ ናት አለ። ፈገግ ማለት የምትችል ሴት ከሰዓት በኋላ ለገዛ ወንድሟ ሚስት መክፈት ያቅታታል ወይ አለ። ይህን ሲል ድምፁ ከፍ አለ።

እቴቴ አስካለች እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«ይኼው! ከአፌ ነጠቅኸኝ። ጠዋት ቀና ካለች ቀትር ላይ ምን ያዛት አልክ አይደል? እኔ አልጨመርኩበትም፤ አንተው ነህ ያልከው።

«ስማኝ ሳህሌ፤ ተናድጃለሁ። የተናደድኩትም በአንተ ነው። እህትህን የነቀላት ሞት ነው፤ ያንን በአንተ አላመካኝም። ባሏ ሥሯ ነበር። ያ ቤት ሥሯ ነበር። ጎረቤቷ፣ ስትጠራው ወይ የሚላት፣ ሌሊት ልጅ ሲታመም ከአልጋ የሚወርድላት ሰው፣ ሁሉም ተበጥሶ እዚያ ቀርቷል። እናንተ ለቅሶው ሰሞን ውሃውን አንዴ ገለበጣችሁት፤ አውቃለሁ፣ እኔም ነበርኩ። ድንኳኑ ሲነሣ ማን ቀረ? አሁን በቀረቻት ቀጭን ሥር ልጆች ታሳድጋለች። ጠዋት ትነሣለች፣ ታበላቸዋለች፣ ትልካቸዋለች፣ እስከ ቀትር ሥራዋን ትሠራለች፣ ላንተም ፈገግ ትላለች። ከሰዓት በኋላ ውሃው ያልቃል። ያን ጊዜ ትዘጋለች። ነገ ጠዋት የምትነሣው ዛሬ ስለዘጋች ነው።

«ዘግታ ደግሞ ተደላድላ የተቀመጠች መስሎሃል። ትርፌ ብቻዋን እህል የማይወርድላት ልጅ ነበረች፤ ሰው ካላየች አትበላም። ያችን ልጅ ነው ዝም ያለ ቤት ውስጥ የሰው ረሃብ የሚጠብሳት። በሩን ከውስጥ ይዛ ሚስትህ ስታንኳኳ ስትሰማ ምን የሆነች ይመስልሃል? አንተ ግን የታየህ የእንግዶችህ ነገር ነው። ለመስቀል ማን ያስተናግድልኛል፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ይኸው ነው ያስጨነቀህ።

«እሑድ ቤተዘመድ ልትሰበስብ ነው። ቀርከሃ ልታስፈልጥ ነው ማለት ነው። እኔን ደግሞ ቃጫውን አጥብቂልኝ ልትል መጣህ። መክፈትስ ትከፍት ይሆናል። ከወገን ትወጫለሽ ከተባለች ፈርታ ትከፍታለች፤ ለአንድ መስቀልም ታምርልህ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ጠዋትም አትነሣም። ያኔ የልጆቿ ነገር ምን ሊሆን ነው? በትር ይዞ ደጅህ ለሚቆም ሰውስ ስለ ዓመቱ ክፋት ልታወራለት ነው?»

ሳህሌ አንገቱን ደፋ። ታዲያ ምን ላድርግ ሲል ጠየቃቸው። ቁጣው ከድምፁ ወጥቶ ነበር።

የእቴቴ ግን አልወጣም።

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ? ሥር ሲጎድል ምን እንደሚደረግ ነግሬሃለሁ፤ ቅጠሉ ይቆረጣል። የትርፌ ቅጠል ማን ነው? እኔ ነኝ። ሚስትህ ናት። ለሕክምና፣ ለገበያ፣ ለትምህርት እያልን እላይዋ ላይ የተንሰራፋነው ሁላችን ነን። ዋናው ሰፊ ቅጠል ደግሞ አንተ ነህ። በእሷ ውሃ ለምልመን ቤተዘመድ ተባልን። ሥሯ የተበጠሰ ዕለት እኛን ከላይዋ ቆርጣ ብትጥል ኖሮ እንሰት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ልክ አደረገች ይላት ነበር። እሷ ግን ቢላዋ አላነሣችም። አንተን ላለመቁረጥ ብላ ነው የታጠፈችው።

«ተነሥ፣ ሂድልኝ። እሑድ ማንንም አትጥራ።»